የክር ልክ

ሙሐረቅ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የቤተ ሙከራው መስታወት ይርዳል።
ወለሉን ጨርሻለሁ፣ ባልዲው ደጅ ቆሟል፤
የዶክተር ሉልዋ ዓይን ግን ማጉያው ላይ ተተክሏል።

«ነይ ሰኣዳ፣ ጓንትሽን አውልቂ፣ አንዴ እዪ» አለች።
አየሁ። ጥቁር ባሕር ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትዋኛለች።
እሷ በአረብኛዋ ከረጢት ነው ያለችው፤
ስልቻ ያልኩት እኔ ነኝ፣
ሕዋሱ ከገዛ ቆዳው ቆርሶ ነዋ የሚሰፋው!

ውስጧስ ምን አለ?
«ክር» አለች። «አጭር፣ ፊደል የሞላው ክር፤
ለጎረቤት፣ ይህን ሥራ፣ ያንን ተው የሚል።»

ነጥቧ አንዱን ሕዋስ ታከከች።
በር የለው። ማንኳኳት የለ፣ ማነው የለ፤
ቆዳው ራሱ ሰረጎደ፣
እንደ መዳፍ ታጠፈ፣ ዙሪያዋን ከበበ፣
መልሶ ገጠመ፤ ጠባሳ እንኳ አልቀረ።
ዋጣት።

«አሁን ትነበባለች?» አልኩ።
ሉልዋ ሳቀች፤ ሳቋ ደክሟል።
«አብዛኛዋን ሆዱ ይፈጫታል።
አያቴ እዚህ ባሕር ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤
ትንፋሹን ውጦ ያወጣው ቀፎ ስንት፣ ዕንቁ ያለበት ስንት!
አንዳንዷ ግን ታመልጣለች፣ ክሯን ትዘረጋለች፣
ሕዋሱም የታዘዘውን ይሠራል፤ ደጉንም፣ ክፉውንም።
ነቀርሳም በዚሁ መንገድ ነው
ሳይመጣ በፊት ቤት የሚያስጠርግ።»

ዝም አልኩ። መጥረጊያዬን አየሁት።

ሰኞ ለት፣ አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ፣
ኡስማን የሚሉት የከሚሴ ልጅ
«ከእህትሽ ከዘህራ፣ አደራ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤
ከነጠላ ጫፍ የተሰፋች፣ ጣት የማታህል ከረጢት።
ደብዳቤ የለም፤ ዘህራ መጻፍ አትችልም።
ድምፅ እንዳትልክ ስልኳን ሸጣዋለች።
ጥቁር ክር ብቻ፣ አንድ ጫፉ ቋጠሮ።

ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ አደረ።
ክታብ ይሆን? መርዶ ይሆን?
ሆዴ ሲፈጨው ከረመ።

አሁን፣ በማጉያው ሰማያዊ ብርሃን፣
አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።
ከቋጠሮው እስከ ጫፉ ስንዝር አይሞላም።
ተረከዝ።
አውራ ጣት።

የልጄ እግር ነው!
ጥዬው ስመጣ መዳፌ ውስጥ ይጠፋ ነበር።

ሉልዋ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችም፤
መብራቱን ዝቅ አደረገችልኝ።

ነገ ዓርብ ነው፤ ገበያው ከሶላት በኋላ ይከፈታል።
ክሩን ጫማው ውስጥ አስገብቼ እለካለሁ፣
የጣት ያህል ትርፍ እተዋለሁ፤
ጫማው እስኪደርስ እግሩ ቆሞ አይጠብቅም።