መርዶ ያልደረሰው

ግንቦት ገባ። ዊኒፔግ በረዶዋን ጥላ
ሣር ለበሰች። የኔ ቤት ምድር ቤቱ ሞላ።
ውኃ ቢሆን ደግ ነው፤ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፤
ይኸኛው ግን ሳይታይ ሽታው ስሙን ያስታውቃል።

ቧንቧ ሠሪው ጋርኔት ዓይን ያለው ገመድ
በሸክላው ቱቦ ውስጥ ቁልቁል ሲያወርድ
ስክሪኑ ላይ ፀጉር፤
እርጥብ፣ ያልተበጠረ፣ ወዲያ ወዲህ ሲዞር።
«የፖፕላር ሥር ነው።» ዋጋውን ጻፈና
ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፣
ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት አፈረና።
«ሥር ቧንቧ አይሰብርም» አለኝ ጓንቱን ሲያወልቅ፤
«ስንጥቅ ካገኘ ግን ይጠጣል እስኪያልቅ።»

አልሰማሁትም። ዓይኔ አጥር ተሻግሯል፤
ቦህዳን ግቢ ውስጥ አንድ ፖፕላር ቆሟል፣
ጣራዬን አልፎ ሄዶ ሰማይ ይጠርጋል።

ሄጄ አንኳኳሁ። «ዛፍህ ቤቴ ገብቷል።»
ሰማንያ ያለፈው ሰው በካልሲ ቆሞ ያዳምጣል።
አልካደ፣ አልተቆጣ፤
ከጋራዡ ገብቶ አካፋ ይዞ መጣ።
«ቆፍርና ተከተለው።
የማን እንደሆነ ራሱ ይንገርህ።»

ሦስት ቅዳሜ ቆፈርኩ።
አፈሩ ጥቁር ነው፤ ቡት ነጥቆ ያስቀራል፤
እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ወገቤ ስሜን ጠርቶ ይሰድበኛል።
ሥሩ እንደ ጭን ወፍሮ፣ እንደ ክንድ ቀጥኖ
ከቲማቲሙ ሥር አለፈ፣ የደም ሥር መስሎ፤
ሥር፣ በሥር፣ ከሥር፤
አማርኛዬ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተጠላለፈ።

ወደ አጥሩ አመራ። «ያዝኩህ» አልኩ።
አንድ ስንዝር ሲቀረው
የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው
ዞረ።
በመኪናዬ ሥር፣ በእሌኒ ብስክሌት ሥር
ተሳበ፣ ተሳበ፤
መጥቶ የቆመው የአበባ ማሰሮ ካስቀመጥኩበት ጉቶ ሥር።

የኔ ጉቶ።
ቤቱን በገዛን ዓመት፣ ጥጡ መስኮት ደፈነ፣
የውብዳርን አስነጠሳት ብዬ
ባንድ ከሰዓት የጣልኩት።
ግንዱን ለቦህዳን ሰጠሁት፤ ሁለት ክረምት ሞቆበታል።

ላይ ቤት ሞት ነበር፤ ታች መርዶ ነጋሪ አልወረደም።
ቅጠሉ እንደሌለ ያልሰማው ሥር
በጨለማ ውኃ ይቀዳል፤
ለማን እንደሚልክ አይጠይቅም።

አካፋውን ልመልስ ሄድኩ። የምለውን አጥንቼ ነበር፤
በሩ ሲከፈት ጠፋኝ።
አካፋውን አየ፣ ጫማዬን አየ።
«አገኘኸው?»
«አገኘሁት።»
«መጋዝህ ደንዟል፤ ቆይ።»
የአባቱን ባለ ሁለት እጀታ ይዞ ወጣ።
እስኪመሽ ቆረጥን፤ ባንዱ ጫፍ እሱ፣ ባንዱ እኔ፤
ቃል ሳንለዋወጥ፣
«ሳብ» ከማለት በቀር።

አሁን ቱቦው ፕላስቲክ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም።
ነሐሴ ላይ ሣር ሳጭድ
አሥራ አንድ ቡቃያ ቆጠርኩ፤ ቀይ ቅጠል፣ እንደ ጆሮ ትንንሽ።
በማግስቱ ስልኬ ጮኸ።
«ዛፍህ ቤቴ ገብቷል» አለ ቦህዳን፤
ሳቁ ከስልኩም፣ ካጥሩ ማዶም ይሰማኛል።
አካፋውን ይዤ ሄድኩ።