አርባ አንድ ከመቶ

ከሳምጎሪ ገበያ፣ ከደረጃው በታች፣
ሱቄ ቁም ሳጥን ናት፣ አንድ ሰው የቻለች።
ባቡሩ ከሥሬ ሲያልፍ እያጓራ
ብሎኖቼ በሳህን ይዘላሉ በጋራ።

ኑግዛር፣ ዳቦ አመላላሹ፣ በዱቄት ጓንቱ፣
ስልኩን አስቀመጠ፣ ቃል ሳይወጣው ካንደበቱ።
ዓርማው ይበራል። ይጠፋል። ደግሞ ይበራል።
ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ማንኳኳት ፈርቶ እንደሚመለስ ሰው ይሆናል።

«ማታ ጠየቀኝ፣» አለ፣ «‹ላሻሽልህ?› ብሎ።
መሻሻል ማን ይጠላል? ነካሁት በቶሎ።
አርባ አንድ ከመቶ ላይ ባትሪው አለቀና
ይኸው፣ ነግቶም፣ ረፍዶም፣ አልነቃልኝም ገና።»

የቸኮለችስ አፍሳ ለመልቀም ጣት አላት፤
ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነችን ዕቃ
ማን በየት በኩል ይልቀማት?

«የቀድሞውን ልመልስልህ እችላለሁ፣» አልኩት፣
«ያንን የአምናውን፣ ቀርፋፋውን፣ የለመድከውን ሥርዓት።
ወደ ኋላ የሚወስድ መንገድ ግን ቀረጥ አለው፤
ውስጡ ያለው ይጠፋል። የሚመለስልህ ባዶው ነው።
ሌላ ቦታ ቅጂ አለህ?»
          ዝም።
ባቡሩ አለፈ። ብሎኖቹ ዘለሉ። እሱ አሁንም ዝም።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ፎቶ አይደለም የጨነቀው፣
የሰርግ ቀን፣ የልጅ ሳቅ፣ እሱማ ሌላም ሰው ጋ አለው።
ማስታወሻው ላይ ነው፤ ሦስት ክረምት ሙሉ
በዱቤ ዳቦ የወሰዱ ሁሉ፦
ላማራ፣ ሃያ ሁለት። አናጢው ጊቪ፣ ዘጠኝ።
ዶዶ፣ ባሏ ከተኛ ወዲህ... «ብቻ ብዙ ነው፣» አለኝ።

ገመዱን ሰካሁ፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ፤
የሐኪም ጆሮ እንዳለኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።
«ፋይሉ ተዘጋጅቷል። አንዲት ‹አዎ› ናት የቀረችው።
እኔ አልነካትም። ዕዳው የአንተ ነው።»

ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ። የጣቱ ስንጥቅ ሁሉ ነጭ።
«ዶዶ፣» አለ፣ «ድሮ መኪናዬ ሲመጣ ትወጣ ነበር ደጅ።
ጥሩምባዬን ስትሰማ ዛሬ መጋረጃ ትስባለች።
ምን ላድርገው ታዲያ? ቁጥሯ እዚህ አለች፣
እሷ የለች።»

ነካው።

አሥር። ሃያ ስድስት። አርባ።
አርባ አንድ ላይ ቆመ፤
የሁለታችንም ትንፋሽ አብሮት ታመመ።
አርባ ሁለት።
ከዚያ ወዲያ ማን ቁጥር ቆጠረ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣» አለው ስልኩ፣
ሰባት ዓመት በኪሱ ይዞት የኖረውን ሰው፣
እንደ እንግዳ፣ ስሙን እየጠየቀው።
ኑግዛር ሳቀ። ገና ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ
አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች፣ ሳትታክት፣ ሳታፍር፦
«አዲስ ማሻሻያ አለ። አሁን ይጀመር?»
ከሥሯ በትንሹ የተጻፈችውን ቃል ፈልጎ ነካ፦
«በኋላ»።

«ስንት ነው?» «ሠላሳ ላሪ።» ኪሱን ዳበሰ፣
የደረቱን፣ የጎኑን፣ እንደገና የደረቱን፤ ወደ እኔ ተመለሰ፣
ፊቱ ቀላ።
እርሳሴ እጄ ላይ፣ ደብተሬ ክፍት ነበር።
ደብተሩን ከደንኩት።
እኔም ያችኑ ቃል አልኩት።