አራተኛው ዘፈን ላይ

ሄርነ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ በእኔና በወንድሜ መሀል
የነበረው ግድግዳ ስስ ነው፤ እንኳን ጊታር ሳል ያሳልፋል።
ሆልገር ከሥራ ሲገባ፣ ቦት ጫማውን እንኳ ሳይፈታ፣
ያንኑ ሸክላ ይጭናል፤ ቅዳሜ ቢሉ ሰኞ፣ ጠዋት ቢሉ ማታ።
እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ግድግዳውን በጫማ ተረከዝ እደልቃለሁ፤
የሚመልስልኝ ከበሮ ነው፤ እሱን ደግሞ እጠላለሁ።
ቆርቆሮ ጣሪያ በበረዶ ሲወቀጥ፣
በርሜል ከደረጃ ሲገለበጥ፣
መሀሉ ላይ አንድ የተቆጣ ሰው ሲያላግጥ፦
ለእኔ ይኸው ነበር። እናታችን «ኧረ ጎረቤት አለ!» ትላለች፤
ጎረቤታችን ወይዘሮ ሲማንስኪ ግን ጆሮዋ አይሰማም፤ እየሳቀች ታልፋለች።

ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል አለ፣ የከሰል ቆፋሪ ቆብ የደፋ፣
መብራቱን ወደ ተመልካቹ የሚያበራ፤ ቀለሙ ርካሽ፣ ሥዕሉም የከፋ።
አራት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ጺም እንኳ ያላወጡ፤
በአምስት ሌሊት ቀረጹት፤ ዓመት ሳይሞላ ተበትነው ታጡ።
ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት፣ ያኔ በቅናሽ ሳጥን ውስጥ
በአምስት ማርክ ይሸጥ ነበር።

ሆልገር መርከብ ሊበይድ ወደ ኪል ሄደና ክፍሉ ባዶ ቀረ፤
ዝም ያለ ግድግዳ ይረብሻል ብሎ ማን ጠረጠረ?
ሸክላውን ትቶት ነበር። የጀመርኩት ከመግቢያው ነው፤
አንድ ጊታር ብቻ፣ ለአንዲት ደቂቃ፤ መስኮት ላይ ካፊያ የሚመስለው።
እሱን እሰማና መርፌውን አነሣለሁ፣ ሌላው ሳይመጣ።
አንድ ቀን እጄ ዘገየና ነጎድጓዱ አናቴ ላይ ወጣ።

በግንቦት፣ ገና ሳይሞቅ፣ ቦዩ ውስጥ እንደመግባት ነው፦
መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፤ «ኧረ ጉድ!» ብሎ መሸሽ፤ መልሶ መምጣት ነው።
ቀጥሎ ጉልበት፤ ቀጥሎ ወገብ፤ ትንፋሽ እጥር፣ ቁርጥ፤
ከዚያ፣ ብርዱ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ብቅ፣ ስምጥ፣ ብቅ፣ ስምጥ።
ጩኸት ያልኩት ስፌት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ ጊታሮች አንድ ክር
እየተቀባበሉ ይጠቅማሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ቀጥ ባለ መስመር።
ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣
በሁለት ማንኪያ ድስት ላይ ሞከርኩት፤ ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣሉ።
ዘፋኙም የተቆጣ አይደለም፤ የፈራ ነው። ይህን ለማወቅ
ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ የራሴ ፍርሃት ተተክሎ እስኪጸድቅ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ግን፣ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣
ከበሮው ይሮጣል፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ ማን እንዳባረረው!
ባሱ ጫማው እንደወለቀ ልጅ ከኋላው ኩስ ኩስ ይላል።
«ስሕተት ነው፣» ይለኛል ሆልገር በስልክ፤ «ልጅ ነበር፤ ልጅ ይስታል።»
ይሁን። እኔ ግን እዚያ ስደርስ የማጥበውን ሳህን አስቀምጣለሁ፤
እጄ እየተንጠባጠበ፣ እስኪያልፍ እቆማለሁ።

ባለፈው ኅዳር ቁልፌ በሩ ውስጥ ተሰበረ፤ ቁልፍ ሠሪ ጠራሁ።
ራሰ በራ፣ መነጽሩ በገመድ የታሰረ፤ «ይቅርታ ዘገየሁ፤
መኪናዬ ጋራዥ ናት።» በሩ ሲከፈት ቀና አለና ደነገጠ፤
ኮሪደሩ ላይ ሽፋኑን አየ፤ መፍቻው ከእጁ አመለጠ።
ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከበሮው እኔ ነኝ፤ አራተኛው ላይ ሮጫለሁ፤
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ አፍራለሁ!
የመጨረሻው ትራም ከሌሊቱ አምስት ከሃምሳ ነው፤ ካመለጠኝ በእግሬ ነው፤
አባቴ ደግሞ በር ቆልፎ የሚተኛ ሰው ነው።»

«እኔ የምወደው እሷን ቦታ ነው፣» አልኩት።
አየኝ። እንደምቀልድበት ቆጠረው። ላስረዳው ፈለግኩ፤ ቃል አጣሁለት።
ደረሰኝ ጻፈ፤ መቶ አርባ ዩሮ፤ ሳንቲም አልቀነሰም።
ተሰናብቶኝ ወጣ፤ በሩን ግን ወዲያው አልዘጋሁም።
ደረጃውን ሲወርድ እሰማዋለሁ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፈጠን፤
ውጭ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ትራሙ ደወለ፤
ከዚያ እግሮቹ፦ ያው ራሱ፣ ያው ምት፣
ሩጫ።