አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፣
ቆርቆሮዬን ሲደበድብ የሰኔ ማታ ዝናብ፣
ዘምዘም አባመጫ ገባች፣ ኮምፒውተሯን አዝላ፣
ራሷ በስብሳ፣ እሱን በላስቲክ ጠቅልላ።

«መብራቱም ይበራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤
ምን ዋጋ አለው፣ ስክሪኑ ድቅድቅ ብሎ ይቀራል።
እሑድ የአጋሮውን ሰርግ ማስረከብ አለብኝ፤
የሙሽሪት እናት ሦስቴ ደወለችብኝ።»
አራተኛው ጮኸ። አይታ ከኪሷ ከተተችው፤
እንደ ጥንዚዛ ሲያጉረመርም በእጇ ጫነችው።

ስለ ካርዱ ጠየቅኩ። ያገለገለ ነው፣
ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የመጣ፣
ከሽንኩርት ጆንያ ላይ፣ በፎጣ
ተጠቅልሎ።

ያስባል። ይሞቃል። ይተነፍሳል። አያሳይም።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

ከቀላሉ ጀመርኩ፦ የስክሪኑ ገመድ
ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንደሁ፣ የካርዱን በር ስቶ
(ለዚህች ስህተት ስንቱን አስከፍያለሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ)፤
የለም፤ ካርዱ ላይ ነው፣ በደንብ ገብቶ።
የኃይሉን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ጨለማ።
ሌላ ስክሪን አዋስኩት፤ ጨለማ።
ሜሞሪውን አንዱን ነቀልኩ፣ ሌላውን ተውኩ፣ አቀያየርኩ፤
የሰዓቱን ባትሪ አውጥቼ እስከ መቶ ልቆጥር ጀመርኩ፤
ሰባ ላይ ዘምዘም «አሁንስ?» ስትለኝ ጠፋብኝ፣ እንደገና ከአንድ ቆጠርኩ።
ጨለማ።

በመጨረሻ ከሞተ ቦርድ ላይ ትንሿን ድምፅ ማጉያ
ፈትቼ ገጠምኩለት። አፍ ሰጠሁት እንግዲህ።

ጢ——ጥ። ጢጥ። ጢጥ።

አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።
«ምን አለ?»
«ዓይኔን፣ አለ።»

ካርዱን ከማደሪያው ሳብኩት፣ ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት፤
የወርቅ ጥርሶቹ ጠቁረዋል።
ጅማ ነው፤ ጨው በዕቃው ውስጥ የሚያለቅስበት፣
አልጋ ስር የረሳኸው ጫማ ጢም የሚያበቅልበት።
ወርቅስ ቢሆን ክረምቱን በምን አንጀቱ ይችለዋል?

ሉባባ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል፣
ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ስታባዛ፣ ስታካፍል፤
«ላጲስሽን አውሺኝ።»
ቀና አለች። «ምን ተሳስተህ ነው?»
መልስ አጣሁ።
ሰጠችኝ፤ ግማሹ ያለቀ፣ አንድ ጥጉ የተነከሰ፣
ሙዝ ሙዝ የሚሸት።

አሸሁ። ቀስ ብዬ፣ ወደ አንድ ወገን፣ ጥርስ በጥርስ፣
ጥቁሩ ወደ ላጲሱ ሲሸሽ፣ ወርቁ ወደ ቤቱ ሲመለስ።
ፍርፋሪውን እፍ ልትለው ጉንጯን ስትነፋ
«ምራቅሽ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ዘምዘም እንኳ ደነገጠች።
በብሩሽ ጠረግኩ። መለስኩት፣ ጫንኩት፤ ቀጭ።

ማብሪያውን ነካሁ። ማራገቢያው ዞረ።
ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።
ጢጥ። አንዲት አጭር። እሷ ብቻ።
ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ፊደል፣ ከዚያ ሙሽሪት፣
የአጋሮዋ፣ እጇ በሂና ያጌጠ፣ ልትስቅ አፏን ከፍታ፤
«እኔ ላጲስ ማጥፋት ብቻ መስሎኝ» አለች ሉባባ፤
ቃሏ ሳያልቅ

መብራት ሄደ።

ከአጂፕ እስከ መርካቶ ያለ ስክሪን ሁሉ በአንዴ ጠቆረ።
ይሄኛው ብልሽት የኔ አይደለም።
የልብስ ሰፊው መኪና ብቻ፣ በእግር የምትሄደዋ፣
በጨለማ ስፌቷን ቀጠለች።

የዘምዘም ኪስ በራ። አምስተኛው ነው።
አሁን አነሳችው።
«አለች፣ እማማ» ስትል ሰማኋት፤
«አሁን አየኋት። ልትስቅ ነበር።»

ትንሽ እጅ ክንዴን ነካ ነካ አደረገኝ፦
«ላጲሴን።»