ሁለት ነጥብ

አሽዶድ ወደብ፣ ሦስተኛው በር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣
ክሬኑ ቀድሞ ነቅቶ ባሕሩ ገና የተኛበት፤
እኔ ፈለቀች ነኝ፣ ወረቀት አያለሁ፣
የመጣውን ሣጥን ከስሙ ጋር አገናኛለሁ።

አቶ ኡሪኤል ሊንደንባውም፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣
በአንድ እጅ ብዕር፣ በአንድ እጅ ምርኩዝ፣
ከጀርመን የመጣ ሣጥን ሊረከቡ
መነጽር አደረጉ፣ ቅጹን አነበቡ፣

አልፈረሙም።

«ይህ የተጻፈው ከተማ የት ነው?» አሉኝ ቀና ብለው፤
«ሉቤክ» አልኩ፣ እንግሊዝኛው እንዳለው።
«እኔ የተወለድኩበት ሁለት ነጥብ አለው፤
ከዩ ፊደል አናት ላይ፣ እንደ ጥንድ ዓይን፣
ዓይኑን አጥፍታችሁ እንዴት ልፈርም ይህን?»

አለቃዬ አቪኖዓም የሱፍ ፍሬውን እየቆረጠመ
«ለነጥብ ብሎ ሰው ጭነት ያቆማል?» ብሎ ተገረመ፤
«ኮምፒዩተሩ አይቀበል፣ እንግሊዝኛ ነጥብ አይወድም፣
በዝንብ ኩስ ምክንያት የጭነት መኪና አይቆምም።»

ሽማግሌው አልተቆጡም።
«ነጥቡ አናት ላይ ቦታ ካጣ ወርዶ ከጎን ይቀመጣል፣
ከዩ ቀጥሎ ኢ ሲገባ ያን ጊዜ ይቃናል፤
እንግሊዝኛም ደንብ አለው፣ ሰው አይበደልም በስሙ»
ብለው ወንበር ስበው ከፊቴ ተሰየሙ።

«በይ አንቺም በዪው። ከንፈርሽን እንደ ፉጨት አሹዪው፣
ምላስሽን ግን ወደ ፊት ግፊው።»
ገባኝ። ከንፈር ካዕብ ላይ፣ ምላስ ሣልስ ላይ፤
በሁለቱ መሃል ገበታችን ያልቆጠረው ድምፅ አለ ወይ?
ሉ ብዬ ብጽፈው ይጎድላል፣ ሊ ብለው ይተርፋል፣
ከሰባቱ ቤት ደጃፍ እንግዳው ቆሞ ቀርቷል።

አባቴ ትዝ አለኝ። አምቦበር ሳለን፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ለሰፈሩ፣
በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ነበር አጥሩ፤
«ቃልም ጎረቤት ነው፣ ወሰን ካላበጁለት
ሰተት ብሎ ይገባል ሰው ቤት።»
እኔ ስልክ ላይ ስጽፍ ነጥቡን ትቼዋለሁ፤
እሱ ኔቲቮት ተኝቷል፣ ማን ይቆጣኛል እላለሁ።

«ያንቺስ ስም?» አሉ፣ ብዕራቸው አየር ላይ እንዳለ።
ደረቴ ላይ «ፌሌካ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠሩኝ አቤት ያልኩት እኔው፣
ማንን ልክሰስ?
«ፈለቀች ነው» አልኳቸው፣ «ለ ይጠብቃል፤
ለ የላላ እንደሆነ ምንጩ ይደርቃል።
ስንጽፈው ግን አይታይም፣ አንባቢው ነው የሚያውቀው፤
የድሮ የሰዋስው ሰው ብቻ ነጥብ ከላይ ያኖራል፣ የሚጠብቀውን ሲያጠብቀው።»

«ስንት ነጥብ?»

«ሁለት።»

ምርኩዛቸው ወደቀ፣ ሳቃቸው ስላየለ።
«ፈለ... ፌል... ፈለቀች» ብለው ታገሉ፣
ቀ ላይ ሲደርሱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጉሮሯቸው ሲጢጥ አለ፤
እኔም ከተማቸውን ሞከርኩ፣ ፉጨት ብቻ ወጣኝ፣
አቪኖዓም ከጓዳ «የወፍ ገበያ ሆነ» አለኝ።

ኢዋን ጨመርኩ። አተምኩ። ፈረሙ።
ቅጹ «የቤት ዕቃ» ይላል፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም፤
ሰውየው በመዳፋቸው ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ፣
የተኛ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ማታ ካርዴን አወለቅኩ። ከላሜዷ አናት
በሰማያዊ ብዕር ሁለት ነጥብ አኖርኩባት።

በማግስቱ የበሩ ዘበኛ በአውራ ጣቱ ሊጠርገው ሞከረ።
«ቆሽሿል» አለኝ።
«ተወው» አልኩት፣ «ዛሬ አይደለም፤ ድሮም ነበረ።»