አንድ ሰው የቀረው

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ፒያሳ ጭር ሲል፣
ፍናን ትነቃለች፤ ትጀምራለች እሪታ።
«ጥርስ ነው» ትላለች አከራዬ፣ ግድግዳውን መታ መታ።
ነርሷ «ሆድ ነው» ብላኛለች፤
እትዬ ውድነሽ፣ «ዓይን ነው፤ ጤና አዳም እሰሪባት።»

እኔ ግን አውቃለሁ።
ቀን ካልሲ ስሸጥ፣ ታክሲ ተራው ጥግ፣ ካርቶን ላይ ተኝታ፣
በጡሩምባ መሃል፣ በወያላ ጫጫታ፣
መድፍ አይቀሰቅሳትም።
የሚያባንናትስ ዝምታ።

እናም አቅፌያት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ
እንደ አባቷ እጣራለሁ፦
«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ... በለገሃር፣ ሜክሲኮ...
ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ...»
ሳልጨርስ ዓይኗ ይከደናል።

እኔ ብቻ በጨለማው፣
ተሳፋሪዬ ተኝታ፣
በሩን እያየሁ እቀጥላለሁ፦
«አንድ ሰው የቀረው...
አንድ ሰው...»