የመረብ ዓይን

ስድስቱን አልፌ ሰባተኛው በር ላይ
ቆሜያለሁ፤ ዝናቡ ከባሕር ይሁን ከሰማይ
አልለይ ብሎኛል።
የጋሊሺያ ኅዳር
ጫማ ውስጥ ነው የሚያድር።
ደረቴ ላይ ባጅ አለ፣ እጄ ላይ ታብሌት፣
ጥያቄ የሞላው፣ ላንድ ሰው ስልሳ ስምንት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ዶሲንዳ ወለል ላይ፣
ሰባ አንድ ዓመቷ። እንደ ማሳ ሲታይ
አረንጓዴው መረብ ከጭኗ ተነሥቶ
ምድጃውን አልፎ፣ ጓዳውንም ሞልቶ።
በጥርሷ ክር ይዛ፣ በጣቷ የእንጨት መርፌ፣
«ግባ» አለች፤ ቆምኩኝ ግድግዳ ተደግፌ።

አነበብኩላት ቃሉን፣ እንደ ተጻፈልኝ፣
ሳልጨምር ሳልቀንስ፤ ጸሎት እየመሰለኝ፦
«ባለፈው ሳምንት ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣
ለክፍያ ብለው፣ ቢያንስ ሰዓት አንድ፣
ሠርተዋል ወይ?»
ዝም አለች። ዓይን ቆጠረች በጣቷ፤
«አልሠራሁም» አለች፣ ቀና ሳይል አንገቷ።
«ሥራ ያለው ባሌ ነበር፤
ባሕር ወሰደው። እኔማ እዚሁ ነኝ፣ ከክር ጋር።»

ታብሌቴ ደስ አለው፣ መንገድ አሳጠረ፤
ስልሳ ስምንት ጥያቄ አሥራ አንድ ቀረ።
ሳጥን ብቅ አለና «የቤት እመቤት» አለኝ፤
ጣቴ ሊነካው ሄዶ አየር ላይ ቆመብኝ።

«እጅዎ ላይ ያለውስ?»
«ይሄማ መረብ ነው።
የሰርዲን። ራሚሮ ማታ የሚፈልገው።»
«ይከፍልዎታል?»
«ይሰጠኛል እንጂ፣ መች ይከፍለኛል?
በቀዳዳ ሳይሆን በክንድ ያስብልኛል።
ፖስታ ነው፣ በመስኮት። ፊርማ የለ፣ ደረሰኝ፤
አርባ አምስት ዓመቴ ነው እንዲህ ሲሰጠኝ።»

ቀዳዳውን አይታ ጀልባው የት እንደዋለ ታውቃለች፤
«ይሄ ድንጋይ ነው፣ ይሄ ዶልፊን» ትላለች፤
የክርን እርጅና በከንፈሯ ትለያለች።
«ሥራ ፈት» አትበሏት፤
ባል ሞተባት እንጂ ሥራዋን አልፈታች።

ከተማ፣ ቢሯችን፣ ካርታ አለ በቀለም፤
የዚህ ወደብ ነጭ ነው፤ «ሙያተኛ የለም»።
መረብ ጠጋኝ ሚባል ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤
የሌለ ሊያስተምር ትምህርት ቤት አይቆምም።
አምና ሠላሳ ልጅ መስተንግዶ አሠለጠንን፤
ምግብ ቤቱ ሁለት ነው፤ ሠላሳውን በተንን።
ወደቡ ላይ ደግሞ፣ መረቡ ተቦጭቆ፣
ጀልባው ታስሮ ይውላል ጠጋኝ ሴት ጠብቆ።

«መረጃ መረብ ነው» ይላል አለቃችን።
እውነቱን ነው፤ ሺህ ዓይን አለን፤
ያመለጠን ሁሉ
ያለፈው በዓይናችን።

ወደ ኋላ ነካሁ፤ «የቤት እመቤት» ጠፋ።
«ሌላ፣ ይገለጽ» መጣ፤ ለመግለጫው ስፋት
ሠላሳ ፊደል ነው፤
ላርባ አምስት ዓመት!
«መረብ ትጠግናለች» አልኩ። ቦታ ተረፈ።
ምን ልጨምር? እጇን? ታብሌቱ አለፈ።

ናሙና ነችና፣ በሦስት ወር ተመለስኩ፤
ያንኑ ጥያቄ ያንኑ በር ላይ ያዝኩ።
የዶሲንዳ ቀኝ እጅ አብጧል፣ አይታጠፍም፤
ጭኗ ላይ አኑራዋለች እንደ ሰው ልጅ ሕመም።
«ሥራ ይፈልጋሉ?»
ሣቀች። ስልኳ ጮኸ፤
ራሚሮ ነው፣ ለስድስተኛ ጊዜ።
«እኔ መች ፈለግሁት፤ እሱ ነው እንጂ እኔን
የሚፈልገኝ፤ በሌሊት፣ በቀን።»

ከጎኗ ልጅ አለች፣ ኡሺያ የምትባል፣
ከሠላሳዎቹ አንዷ። መርፌ ይዛለች፤ ክሩ ይወላገዳል።
«አንቺስ፣» አልኳት፣ «ሥራ?»
«የለኝም» አለች ልጅቷ።
ዶሲንዳ በግራ እጇ መታቻት መዳፏን፦
«ቅድሚያ ዓይኑን ዝጊ። ከዚያ ታወሪያለሽ።»

ዘጋችው። ሌላ ዓይን ከፈተች። ዘጋች።
ልጽፍ ብዬ ባይ
ስክሪኑ ጠቁሯል፤ ሳይነኩት ቆይቶ።
እዚያ ቤት ውስጥ የቦዘነ
እሱ ብቻ ነበር፣
እኔን ካልቆጠሩኝ።